የአሠራር ገለጻ፤ የጭስ መውጫ ጥገና

ትረካ ቅደም ተከተሉ ቢፋለስ አንባቢን ያደናግራል። የአሠራር ገለጻ ቅደም ተከተሉ ቢፋለስ ግን ሥራውን ያበላሻል፤ አንባቢው ቃሉን ተከትሎ የሚሠራ ነውና። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«በአሮጌ የድንጋይ ቤት ጣሪያ ላይ በቆመ የጭስ መውጫ ከውጭ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፤ ከውስጥም የእሳት ሙቀትና ጭስ ያገኘዋል። ስለዚህ ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ ውሎ አድሮ እየላላ ይረግፋል። ለመጠገን ስትነሣ ግንቡ አዘንብሎ ወይም ድንጋዮቹ ተናግተው እንደሆነ አትውጣ፤ ግንበኛ ጥራ። ግንቡ ደኅና ከሆነ እሳቱን አጥፍተህ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የላላውን ኖራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል በመሮ ፈልፍለህ አውጣ። አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር አቡካ። አቧራውን ጠርገህ፣ ስንጥቁን በውኃ አርሰህ፣ ቡኮውን እየጠቀጠቅህ ሙላበት። በመጨረሻም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ ለጥቂት ቀናት እንዳይደርቅ ጠብቀው።»

«ጠርገህ» እና «አርሰህ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ዐረፍተ ነገሩን የሚያስረው «ሙላበት» የሚለው ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ከማሰሪያው በፊት የተፈጸመውን ድርጊት ስለሚያመለክት «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም» እያሉ ማብዛት አያስፈልግም። «ሞልተህ አርሰው» ብትሉ ሰዋስዉ አይነካም፤ ነገር ግን ደረቁ ድንጋይ የቡኮውን ውኃ ይመጠዋል፤ ኖራውም ሳይጠነክር ዱቄት ይሆናል።

ምንባቡ አንድ ከባድ ጉድለት አለው። ኖራ ለምን እንደተመረጠ አይናገርም። ምክንያቱን ያላወቀ አንባቢ «ሲሚንቶ ይበልጥ ይጠነክራል» ብሎ በሲሚንቶ ይሞላዋል። ከሲሚንቶ የሚለሰልስ ድንጋይ ወይም ሸክላ የሚጎዳውም በዚህ ነው፤ ሲሚንቶው እርጥበትን አላሳልፍ ሲል ውኃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ውሎ አድሮም ድንጋዩ እየተላጠ ይረግፋል። የረገፈ ኖራ በሌላ ኖራ ይተካል፤ የተላጠውን ድንጋይ ግን ማን ይመልሰዋል? በጎንደር የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገላቸው እድሳት የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ በተደረገው ጥገና ወደ ኖራ ተመልሷል። እንግዲህ በአሠራር ገለጻ ውስጥ «ስለ»፣ «ምክንያቱም»፣ «እንዳይ» የመሳሰሉት አያያዦች ጌጥ አይደሉም።

መልመጃ

1. ኖራ ከሲሚንቶ የተመረጠበትን ምክንያት «ስለ» በሚለው አያያዥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ በምንባቡ ውስጥ ተገቢ ቦታውን አሳዩ።

2. ኖራ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በዚህ መነሻነት ጆንያው ለምን እርጥብ እንደሚሆን አስረዱ።

3. ኖራ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር በፊት መግባት አለበት? በኋላ ቢገባስ ምን ይከተላል?