ጄሊ ኩቴክስ፣ ስታምፕና ብልጭልጭ፦ ቤት ውስጥ ስንደራርብ ማወቅ ያለብን



የጥር ሠርግ ሲቃረብ ከሐይቅና ከአምባሰል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት የምጠየቅበት ስልክ በዚህ ሰሞን በጣት ፎቶ ይሞላል። «ዶክተር፣ ይሄ ጄሊ የሚሉት ኩቴክስ ጉዳት አለው?»፣ «ብልጭልጩ ካንሰር ያመጣል ይላሉ፣ እውነት ነው?»፣ «ደሴ ድረስ ሄጄ ከማሠራ ስታምፑን ገዝቼ ውጫሌ ቤቴ ብሠራው ምን ችግር አለው?» እውነቱን ለመናገር ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ያምራሉ። አብሽሩ፣ ዛሬ «ተዉት» ልላችሁ አልመጣሁም። አሠራሩን ከመጀመሪያው እንየው፤ እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ቦታ ላይ ስንደርስ ቆም እላለሁ።

በመጀመሪያ፣ ወሎ ጥፍር ማሳመርን ከፋብሪካ አልተማረችም። እናቶቻችን የእንሶስላ ሥር ወቅጠው፣ ሂና በጥብጠው እጅና እግራቸውን ሲያቀሉ ኖረዋል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እንሶስላና ሂና ጥፍሩ ውስጥ ገብተው ራሱን ጥፍሩን ያቀልሙታል፤ ጥፍሩ ሲያድግ አብረው ይሄዳሉ። ኩቴክስ ግን ጥፍሩ ላይ የሚደርቅ ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። (ኩቴክስ የምንለው ስም ራሱ የአንድ የአሜሪካ ምርት ስም ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የጥፍር ቀለም አልነበረም፤ የጥፍር ሥር ቆዳን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ነበር።) ስለዚህ የመደራረቡ ነገር ሁሉ የሽፋን ጉዳይ ነው፦ ምን ያህል ስስ፣ ምን ያህል ደረቅ፣ ከቆዳው ምን ያህል የራቀ።

ብዙ ሰው «ጥፍር ይተነፍሳል፣ ኩቴክስ ያፍነዋል» ይላል። አይተነፍስም። የምናየው ጥፍር የሞተ ሴል ንብርብር ነው፤ ሕይወት ያለው ሥሩ ከቆዳ በታች ነው፣ ኦክስጅኑንም የሚያገኘው ከደም ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ዛሬ ፍቃችሁ ያሳሳችሁት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ተተክቶ እስኪወጣ 6 ወር ገደማ ይፈጃል ማለት ነው፤ የእግር አውራ ጣት ከሆነ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ጥፍርን የሚጎዳው ከመቀባቱ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ አነሣሡ ነው። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጄሊ የሚባለው ውስጡን የሚያሳይ፣ እንደ ባለቀለም መስታወት ያለ ኩቴክስ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ከመደበኛው ብዙም አይለይም፤ ሽፋን የሚሠራው ናይትሮሴሉሎስ፣ የሚያቀጥኑት ኢታይል አሴቴትና ቡታይል አሴቴት፣ ሙጫና ማለስለሻ። ቀለሙ ብቻ ነው የሳሳው። ቀለሙ ስለሳሳ ግን አንዱ ድርብ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ ይቀባል። ያ ማለት ከአንድ መደበኛ ቀለም ይልቅ ብዙ ትነት ቤታችሁ ውስጥ ይገባል። መስኮት ክፈቱ የምለው ለወጉ አይደለም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። የጥፍር ሥር ቆዳውን አትቁረጡት! በለብ ያለ ውሃ ለስልሶ ሲገኝ በፎጣ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ያ ስስ ቆዳ ጀርም እንዳይገባ የተሠራ በር ነው፤ ተቆርጦ ሊጥና እቃ አጠባ ሲጨመርበት ጣት ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ከዚያ ቅባቱ እንዲነሣ ጥፍሩን አሴቶን በነካ ጥጥ አንዴ ጠረግ አድርጉና ቀለም የሌለውን መሠረት (ቤዝ ኮት) ቀቡ። መሠረቱን የሚዘል ሰው ቀይ ጄሊ ከቀባ በኋላ ጥፍሩ ቢጫ ሆኖበት ይመጣል።

መሠረቱ ሲደርቅ የመጀመሪያው ጄሊ። ብሩሹን የጠርሙሱ አፍ ላይ ጠረግ አድርጉት፤ መሃል አንዴ፣ ግራና ቀኝ አንዳንዴ፣ በቃ። ከቆዳው የክር ውፍረት ያህል ቦታ ተዉ። ወፍራም አድርጎ በአንዴ መጨረስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ኩቴክስ የሚደርቀው ከላይ ነው። ላዩ ሲደርቅ ሥሩ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣና አረፋ ይሠራል፣ ወይም ከሰዓታት በኋላ በአንሶላ ይታተማል። ስስ ሦስት ድርብ ከወፍራም አንድ ድርብ ቶሎ ይደርቃል። በየመሃሉ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ብርድ ሲሆን ጨምሩበት።

ብልጭልጩ የሚገባው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጄሊ መሃል ነው። ብልጭልጭ ያለበትን ኩቴክስ እንደ ቀለም አትጎትቱት፤ በብሩሹ ጫፍ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አስቀምጡት። ከላይ ሁለተኛው ጄሊ ሲመጣ ብልጭታው ወደ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። የዚህ ስልት ውበት እዚያ ላይ ነው። ለእኔ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ በሁለት ሽፋን መሃል የታሸገ ብልጭልጭ አይረግፍም። እኛ በእጃችን የምንበላ፣ ሊጥ የምናቦካ፣ የምናጎርስ ሰዎች ነን። አብዛኛው ብልጭልጭ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ትንሽ ቢዋጥ አይመርዝም፣ ግን ወጥ ውስጥ ማንም አይፈልገውም። ዐይን ውስጥ ከገባ ደግሞ የዐይን መስታወትን ሊጭር ይችላል። ስለዚህ የእጅ ሥራ ብልጭልጭ በዱቄት መልክ ገዝታችሁ በላዩ አትነስንሱ፤ ለጥፍር የተዘጋጀውን ተጠቀሙ። ዐይናችሁ ውስጥ ከገባ አትሹት፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ መቆርቆሩ ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም።

ስታምፕ ሦስተኛ ነው። ቅርጽ የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ፣ ቀለም መጥረጊያ፣ ለስላሳ የሲሊኮን ማተሚያ። ወፈር ያለ ቀለም ሰሌዳው ላይ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ትጠርጋላችሁ፣ በማተሚያው ታነሣላችሁ፣ ጥፍሩ ላይ ታሳርፋላችሁ። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ከዘገያችሁ ቀለሙ ሰሌዳው ላይ ይደርቃል። ለመጥረጊያ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ከብረቱ ይሻላል፣ ሰሌዳውን አይጭርም። የሥሩ ጄሊ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ ሁለት የተቀቡ ጥፍሮችን በቀስታ አነካኩ፣ ከተጣበቁ ገና ነው። ከታተመ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይታችሁ የመጨረሻውን ሽፋን (ቶፕ ኮት) ብሩሹ ጥፍሩን ሳይጫን ቀቡ፣ አለዚያ ቅርጹ ይጎተታል።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ስታምፕ ከሌላው የሚለየው በአሴቶን ብዛት ነው። በእያንዳንዱ ጥፍር መሃል ሰሌዳው በአሴቶን ይጠረጋል። ለአሥር ጣት አሥር ጊዜ፣ ከተሳሳታችሁ ሃያ። የተከፈተ ጠርሙስ፣ የራሰ ጥጥ ክምር። አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። እስቲ የቅዳሜ ከሰዓትን ቤት አስቡት፦ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ የከሰል ምድጃው ወለል ላይ ነው፣ ዕጣን እየጨሰ ነው፣ ሴቶቹ ተሰብስበው እየተቀባቡ ነው። ትነቱ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ፍሙ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ ብላ እጇን ወደ ምድጃው የምታስጠጋ አትጠፋም። ያልደረቀ ኩቴክስ ራሱ ይነዳል!

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ቡና በሚፈላበት ክፍል ኩቴክስ አይሠራም። ወይ ቡናው ይለቅ፣ ወይ በረንዳ ላይ ውጡ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ከበራም ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ሠርጉ ነገ ቢሆንም። አሴቶኑን በትንሽ ክዳን ቀድታችሁ ጠርሙሱን ዝጉ፤ የራሰውን ጥጥ በላስቲክ ቋጥራችሁ ውጭ ጣሉ እንጂ ምድጃ ውስጥ አትጨምሩት። የሲሊኮን ማተሚያውን በአሴቶን አታጽዱት፤ ያበላሸዋል። በስኮች ቴፕ ሙጭጭ አድርጎ ማንሣት ይበቃል፤ አሴቶኑንም ይቀንስላችኋል።

እሳት ቢነሣ አትሩጡ፣ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ወይም በጋቢ አፍኑት። የተቃጠለውን እጅ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ያዙት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አይቀባም። ቀለበት ካለ ሳያብጥ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም።

አሴቶን በውሃ ላስቲክ አታስቀምጡ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ወተትም አትግቱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ሁለተኛው ጉዳይ አለርጂ ነው። ከሐይቅ የመጣች አንዲት ወጣት የዐይኗ ቆብ ለሁለት ወር ሲያብጥ፣ ሲላላጥና ሲያሳክካት ቆይቷል። ቤት ያሉት «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተውላታል፤ የዐይን ጠብታም ሞክራለች። ጣቶቿ ላይ አንድም ቁስል አልነበረም። ጥፍሯ ግን በሚያምር ሮዝ ጄሊ ተሸፍኗል። አየችኝና «ዐይኔን ነው ያልኩህ ዶክተር፣ ምነው እጄን ታያለህ?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጣት ቆዳ ወፍራም ነው፣ የዐይን ቆብ ደግሞ ከሰውነታችን ሁሉ ስሱ ቆዳ ነው። ኩቴክስ ውስጥ ያለው ሙጫ አለርጂ የሆነበት ሰው በቀን ስንት ጊዜ ፊቱን እንደሚነካ አስቡት፤ በተለይ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ። ሽፍታው የሚወጣው ዐይን ቆብ፣ ጉንጭና አንገት ላይ ነው። ኩቴክሱን ተወች፣ ለጥቂት ቀን ቅባት ተጠቀመች፣ በሳምንታት ውስጥ ለቀቃት። ምክንያቱ ያልታወቀ የዐይን ቆብ ሽፍታ ካላችሁ ጥፍራችሁን አጽድታችሁ አንድ ወር ጠብቁ።

በላምፕ የሚደርቀው ጄል ከዚህ ይለያል፤ ስሙ ቢመሳሰልም ጄሊና ጄል አንድ አይደሉም። የብሪታኒያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ሰዎች ጄሉን ቤት ውስጥ ራሳቸው እንዳይሠሩት መክሯል። ምክንያቱም በደንብ ያልበሰለ ጄል ቆዳ ሲነካ የዕድሜ ልክ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ ያ አለርጂ ነገ ለጥርስ ሙሌትም ሊተርፍ ይችላል። ለቤት ተራው ኩቴክስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ካንሰሩ ጥያቄ፦ ብልጭልጩ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ነገር የለም። ስጋቱ የመጣው ከፎርማልዲሃይድ ነው፤ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው፣ ዋናው አደጋ ግን በሥራ ላይ ለዓመታት ለሚተነፍሱት ነው። ስትገዙ ፎርማልዲሃይድ፣ ቶሉይንና ዳይቡታይል ፍታሌት የሌለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ተመልከቱ። ነፍሰ ጡር እህቶቼ አልፎ አልፎ፣ አየር ባለበት ብትቀቡ አትጨነቁ።

አሁን ወደ አነሣሡ። ብልጭልጭ ፎይል ካልሆነ አይነሣም። ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ ጥፍሩ ላይ አድርጉ፣ በፎይል ጠቅልሉ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ወደ ጫፉ ሳቡት። በጥርስ፣ በቢላ፣ በሌላ ጥፍር አትፋቁት፤ ኩቴክሱ ሲላጥ የጥፍሩን የላይኛ ንብርብር ይዞ ነው የሚሄደው። ነጭ ነጭ ሻካራ ነጥብ የሚታየው ለዚህ ነው። ከተነሣ በኋላ ታጠቡና ቫዝሊን ቀቡ።

በአካባቢያችን ለውዱእ ሲሉ በየቀኑ የሚያነሡ እህቶች አሉ። ሃይማኖታዊውን ለአዋቂዎቹ እተወዋለሁ፤ እንደ ሐኪም ግን በየቀኑ አሴቶን ጥፍርን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ብዙዎቹ ሰላት በማይሰግዱባቸው የወር አበባ ቀናት ብቻ ይቀባሉ፤ ለጥፍሩም ጥሩ ዕረፍት ነው። ለቀረው ጊዜ እንሶስላ አለላችሁ። ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠውን ግን አደራ፤ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ከሆነ ቆዳ ያቃጥላል።

አንድ የቀረ ነገር። ለወሊድ ወይም ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ካላችሁ ጥፍራችሁን አጽድታችሁ ኑ። ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጣት ላይ ነው የሚሰካው፤ ጠቆር ያለ ቀለምና ወፍራም ብልጭልጭ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ደም ማነስንም፣ የደም ዝውውርንም ጥፍር ላይ እናያለን። በየወሩ ቢያንስ አንድ ቀን ጥፍራችሁን ባዶውን እዩት። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለ ቀለም አትደርቡበት፣ ቶሎ ታዩ።

እና የታመመ ጥፍር ፎቶ ስትልኩልኝ፣ ኩቴክሱን አንሥታችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ አምስቱም ጣት እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱት።