ግራሙ ቢጎድል ተሰረቀ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የፊውዥን ላቦራቶሪዎች ራዲዮአክቲቭ ነዳጃቸውን እንዴት ይቆጣጠራሉ? ቢጎድልስ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ቢጎድል የግድ ተሰረቀ ማለት አይደለም። በእናንተ አገር እሸት ቡና ጀንፈል እስኪሆን ክብደቱን እንደሚጥል ሁሉ፣ የፊውዥን ራዲዮአክቲቭ ነዳጅ የሆነው ትሪቲየምም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እያለ በዓመት 5.5 በመቶ ያህሉ ወደ ሂሊየም ይለወጣል። ይህ ቅናሽ በመዝገብ ላይ ቀድሞ ይሰላል። ቀሪውን ለማወቅ የጋዙ ግፊት፣ መጠንና ሙቀት ይለካል፤ ወይም 1 ግራም 0.32 ዋት ገደማ ስለሚያመነጭ በሚሰጠው ሙቀት ይታወቃል።

ዋናው ራስ ምታት ትሪቲየም የሚቀርበት የፊውዥን ማሽኑ ግድግዳ ነው። በእንግሊዝ ከልሃም በነበረው የፊውዥን ማሽን በጄት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የነበረው ትሪቲየም 20 ግራም ገደማ ነበር፤ እያጣራ ደጋግሞ ስለተጠቀመበት ግን ወደ ማሽኑ የገባው ድምር 35 ግራም ያህል ደረሰ። ሙከራው ሲያበቃ 11 ግራም ገደማ ውስጥ ቀረ፤ ከጽዳት በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ አልወጣም። ተወቃሹ የካርቦን ሽፋኑ ነበር። ጄት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ቤሪሊየምና ተንግስተን ግድግዳ የዞረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።