ባለ ቡሎን ቀለበት ቸርኬ፤ ለማን ይጠቅማል? እንዴትስ ይመረጣል?

በቡለን ከተማ ክረምቱ ሊገባ ሲቃረብ የነጋዴው ሐሳብ ሁሉ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። ጨው፣ ዘይትና ሳሙና የሚመጣው፣ ሰሊጥና ኑግም ወደ መሐል ሀገር የሚሄደው በመኪና ስለሆነ፣ መኪናው ጭቃ ላይ በቆመ ቁጥር የነጋዴው ገንዘብም አብሮ ይቆማል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ የአዲስ አበባ ዕቃ አቅራቢ «ከማናቸውም ጭቃ የሚያወጣ» ሲል ያወደሰውን አዲስ ዐይነት ቸርኬ አሠሪዬ 40 ፍሬ እንዲወስዱ በደብዳቤ ጠየቃቸው። ዋጋው ለሰሊጥ መግዣ ከተቀመጠው ገንዘብ ግማሹን ያህል የሚወስድ ነበር። እሳቸውም «መልሱን ከመጻፍህ በፊት ነገሩን መርምር» ብለው አዘዙኝ። እኔ ጸሐፊ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ስለዚህ ሾፌሮችንና ጎሚስታዎችን ጠየቅሁ፣ የሠሪዎችንም መግለጫ አነበብሁ። ያገኘሁትንም ይኸው ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ዕቃው በእንግሊዝኛ ስሙ ቢድሎክ ይባላል። ሥራውን ለመረዳት፣ ተራው ቸርኬ ጎማውን እንዴት እንደሚይዝ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎማ በሁለቱም ወገን በውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ወፍራም ጠርዝ አለው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ከንፈር እንበለው። ከንፈሩ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ እንዲቆይ የሚያደርገው በውስጥ ያለው የአየር ግፊት ነው። ሾፌር አሸዋ ላይ ሲደርስ አየር ይቀንሳል፤ ጎማውም በመሬቱ ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አይሰጥምም። ነገር ግን አየሩ ከ15 ፒ.ኤስ.አይ. በታች እየወረደ በሄደ መጠን ከንፈሩን የሚገፋው ኃይል ይደክማል፤ መሪው ሲጠመዘዝ ወይም ድንጋይ ሲገጨው ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ቢድሎክ ይህን ለመከላከል የውጭውን ከንፈር በቸርኬውና በአንድ የብረት ቀለበት መካከል አግብቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 32 በሚደርሱ ትናንሽ ቡሎኖች ጠርቅሞ ይይዘዋል። በዚህ ዘዴ ከ10 ፒ.ኤስ.አይ. በታችም መሄድ ይቻላል። በአብዛኛዎቹ ላይ ግን የውስጠኛው ከንፈር እንደ ቀድሞው በአየር ብቻ የተያዘ መሆኑን ገዢው ሁሉ ልብ አይለውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጂፕ የተሠራው የጦር ሜዳ ቸርኬ ሁለት ቁራጭ ሆኖ በቡሎን የሚገጠም፣ በመካከሉም ከንፈሮቹን ገፍቶ የሚይዝ ቀለበት ያለበት ነበር፤ ጎማው በጥይት ቢበሳ እንኳ መኪናው ከስፍራው እንዲወጣ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ዐለት የሚወጡ የመዝናኛ መኪናዎች፣ እንዲሁም በበረዶና በአሸዋ ላይ አየር አብዝተው የሚቀንሱ መንገደኞች ይጠቀሙበታል። እነዚህ መኪናዎች በዝግታ የሚሄዱ፣ ጭነታቸውም ቀላል የሆነ ነው።

የእኛው ሃርድቶፕ ግን ሰው በውስጥ፣ ጆንያ በጣራ ላይ ጭኖ የሚሄድ ነው። የጎማ የመሸከም አቅም ከአየሩ ጋር አብሮ የሚወርድ ስለሆነ፣ እንዲህ የተጫነ መኪና በ10 ፒ.ኤስ.አይ. ቢነዳ ቀለበቱ ከንፈሩን ይዞ ይቆይ ይሆናል፤ የጎማው ጎን ግን እየታጠፈና እየጋለ ይተረተራል። ሾፌሮቹም በአንድ ቃል የነገሩኝ፣ በክረምት የሚያስቸግራቸው የጎማ መውለቅ ሳይሆን የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ ባለበት መሽከርከሩ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ጥርሱ የሰፋ ጎማና ካቴና ነው። እንግዲህ «ከማናቸውም ጭቃ የሚያወጣ» የተባለው ማስታወቂያ ከዚህ ላይ ወደቀ።

ከዋጋው ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ጉዳይ ነበር። ጎሚስታዎቻችን «ባለ ቀለበት ቸርኬ» ሲባል የሚያውቁት የአይሱዙንና 7.50 በ16 ጎማ የሚገባበትን የቆየ የላንድክሩዘር ቸርኬ ነው። የዚያ ቀለበት ቡሎን የለውም፤ በቦታው የሚጸናው በአየሩ ግፊት ነው፤ በሚገባ ሳይቀመጥ አየር የተሞላ እንደሆነ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። የአሜሪካ መንግሥት በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለው ቸርኬ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ እንዲሞላ ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። በቢድሎክ ደግሞ አደጋው የሚመጣው ቡሎኑ ሲፈታ ነው። በአምናው ክረምት በከተማችን አንድ ወጣት ጎሚስታ ከሌላ ስፍራ በመጣ መኪና ላይ ያገኘውን ባለ ቡሎን ቀለበት፣ አየሩን ሳያስተነፍስ መፍታት ጀምሮ ነበር። አምስት ያህል ቡሎን ካወለቀ በኋላ ሾፌሩ ከሻይ ቤት ወጥቶ አየውና ጮኾ አስቆመው። ልጁ ፊቱን በቀለበቱ ትክክል አድርጎ ተንበርክኮ ነበር። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የቫልቮላው ውስጠኛ ፍሬ ተፈትቶ አየሩ ፈጽሞ ሳያልቅ አንድም ቡሎን እንዳይነካ በአማርኛ ጽፎ ከዕቃው ጋር መስጠት አለበት። ይህን የማያደርግ ባይሸጥ ይሻላል።

ዕቃው የሚያስፈልገው ደንበኛ የመጣ እንደሆነ፣ አስቀድሞ የሚታየው ልክ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች፣ ሃርድቶፑም ፒክ አፑም፣ 5 የጎማ ቡሎን አላቸው፤ ቡሎኖቹ የተተከሉበት ክብ ስፋትም 150 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ አራት ጎማ ጉልበቱ ሃይሉክስ 6 ቡሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ኒሳን ፓትሮልም ከሃይሉክስ ጋር በዚህ ይተካከላል፤ ነገር ግን የመካከሉ ቀዳዳ በፓትሮል 110፣ በሃይሉክስ 106 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቡሎኑን ብቻ ቆጥሮ የገዛ ሰው ይሳሳታል። ቸርኬው ወደ ውጭ አብዝቶ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታውን ቶሎ ይጨርሳል። በቸርኬው ላይ የተቀረጸው የጭነት መጠንም ይነበብ፤ ያልተቀረጸበትን አለመቀበል ነው።

የቀለበቱ ቡሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሠሪው በወሰነው ኃይል ይጠብቃሉ፤ ይህም ኃይል ከጎማው ዳዶ እጅግ ያነሰ ስለሆነ የጉልበተኛ እጅ ጥርሱን ይበላዋል። ኃይሉን የሚለካ መፍቻ የሌለው ደንበኛ አብሮ ይግዛ። ጥቂት ከተነዳ በኋላና ከዚያም በየጊዜው እንደገና መፈተሽ አለባቸው። ይህን የዘወትር ሥራ ስንቱ ባለ መኪና ይፈጽመዋል? በከተማችን አንድም ሰው ቃል ሊገባልኝ አልደፈረም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ሠሪዎች ራሳቸው ዕቃው ከአደባባይ መንገድ ውጭ ብቻ እንዲሠራበት ስለሚጽፉ፣ የመድን ውልን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

በግንቦት ወር ለናሙና አንድ ቸርኬ አስመጣን። ሲያዩት የሚያምር፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ቀለበቱም በቡሎን የተከበበ ነበር። ጎሚስታው ሁለት ቡሎን ፈትቶ ሳቀ። ርዝመታቸው ከጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ ቀለበቱም ከተራው የቸርኬ ጠርዝ ላይ ለጌጥ የተለጠፈ እንጂ ከጎማው ከንፈር ጋር የማይገናኝ ነበር። እንዲህ ያለው የጌጥ ቸርኬ በዓለም ገበያ በግልጽ የሚሸጥ ስለሆነ መሸጡ ነውር የለበትም፤ ነውሩ እውነተኛ ነው ብሎ መሸጡ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቀለበቱን አንስቶ ማየት። ቀለበቱ ሲነሣ የጎማው ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ካልታየ፣ ያ ቢድሎክ አይደለም።

አስመጪዎች አንድ ነገር እንዲያስቡ እጠይቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገም፣ ባልተፈለገ ዕቃ ላይ የዋለ ገንዘብ ተመልሶ ያንኑ ያህል ዕቃ ላይገዛ ይችላል። ለገጠሩ ገበያ ባለ 5 ቡሎን ተራ የብረት ቸርኬ፣ ካቴና፣ ትክክለኛ የአየር መለኪያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ከ40 ቢድሎክ ይልቅ ቶሎ ይሸጣል።

ለአቅራቢው የጻፍነው መልስ አጭር ነበር። ናሙናውን መልሰን፣ 40 ፍሬውን እንደማንወስድ ገለጽን፤ በምትኩ የ12 ተራ የብረት ቸርኬ፣ የ6 ካቴናና የ2 ኮምፕሬሰር ዋጋ እንዲልክልን ጠየቅን። አሠሪዬ ደብዳቤውን ከመፈረማቸው በፊት በገዛ እጃቸው አንድ መስመር ጨመሩበት፦ «የካቴናውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይግለጹልን።»