ድምፅ ማጉያው የማያጠራው ሁካታ

ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ፣ ወልቂጤና ጅማ የሚዘልቀው መንገድ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማን አቋርጦ ያልፋል። በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ እኛም ገና ረዳት ምሩቅ ሳለን፣ በአየር ጤና ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጥያቄ ይዘው መጡ። የሚያሽከረክሩት አይሱዙ ኤፍኤስአር ነበር። የአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ሥርጭት ከከተማው ከራቁ በኋላ ስለሚጠፋባቸው፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱ የሚያዳምጡት የኢትዮጵያ ሬዲዮን በመካከለኛ ሞገድ፣ በ873 ኪሎ ሄርዝ ነበር። ይህ ሞገድ የምድርን ገጽ ተከትሎ ስለሚጓዝ ተራራ እንደ ኤፍ ኤም አያግደውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ አብሮት የሚነሣ ፉጨት የዜና አንባቢውን ቃል ይውጠዋል። በክረምት መንገድ መዘጋቱን በወሬ መካከል አለመስማት ደግሞ በሸለቆ ውስጥ ማደርን ሊያስከትል ይችላል።

አሜሪካ በጭነት መኪና ሹፌርነት የሚሠራ የወንድማቸው ልጅ «ሁካታ አጣሪ» የተባለ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ልኮላቸዋል። ዕቃው የተሠራው ሲቢ ለሚባለው የሹፌሮች መነጋገሪያ ሬዲዮ ነው። ሲቢ በአሜሪካ በ27 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ የተፈቀደው በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ሹፌሮች ነዳጅ የሚገኝበትን ማደያ እየተጠቋቆሙበት ገነነ። በአገራችን ሬዲዮ ማስተላለፊያ ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም፤ የሞገድ አጠቃቀምን ዛሬ የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሲቢም ሆነ መካከለኛ ሞገድ ግን በአብዛኛው በአምፕሊቲዩድ ሞዱሌሽን ስለሚሠሩ፣ በአንደኛው ጋቢና ውስጥ የሚሰማው ሁካታ በሌላውም ይሰማል።

እኛ ያለ ብዙ ማሰላሰል «ግጠሙት፣ ይጠቅማል» አልናቸው። ከአንድ ጉዞ በኋላ ተመልሰው፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ለአሜሪካ መኪና ብቻ ነው መሰለኝ የተሠራው» አሉን። እሽሽ የሚለው ድምፅ ቀንሷል፤ ፉጨቱ ግን እንዳለ ነው። ኀፍረታችንን ውጠን ወረቀትና እርሳስ ያነሣነው ያን ጊዜ ነው።

ለመረዳት የሚበቃ የሰው ንግግር በአብዛኛው ከ300 እስከ 3000 ሄርዝ ባለው ድግግሞሽ ውስጥ ይገኛል። የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ማጉያ ከዚህ ክልል ውጭ ያለውን ይቆርጣል። ከተቀባዩ የሚወጣው ድምፅ እስከ 6000 ሄርዝ የሚደርስ ነው ብንልና በሁሉም ድግግሞሽ እኩል የተሠራጨውን እሽታ 3000 ላይ ብንቆርጠው፣ የእሽታው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮን ያሳርፋል፣ ተአምር ግን አይሠራም። በክልሉ ውስጥ ላለው ሁካታ ግን ተራ ማጣሪያ ምንም ማድረግ አይችልም። በ1000 ሄርዝ ላይ ያለን ሁካታ በአሥር እጅ ቢቀንስ፣ በዚያው 1000 ሄርዝ ላይ ያለውን ንግግርም በአሥር እጅ ይቀንሰዋል፤ የሁለቱ ንጽጽር አይለወጥም።

ታዲያ ፉጨቱ የት ላይ ነበር? የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው የብልጭታ ሁካታ የለውም። ተጠርጣሪው መካኒኮች ዲናሞ የሚሉት አልተርኔተር ነው። አልተርኔተር ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፤ ቀጥተኛው ግን ፍጹም ለስላሳ አይደለም፣ በእያንዳንዱ ዑደት ስድስት ጊዜ ይርገበገባል። አልተርኔተሩ 6 ጥንድ ዋልታ ቢኖረው በአንድ ዙር 36 ርግብግቢት ይሰጣል። ሞተሩ በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር፣ ቺንጋው አልተርኔተሩን በእጥፍ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 30 ጊዜ ቢያዞረው፣ 30 በ36 ሲባዛ 1080 ሄርዝ ይሆናል። ነዳጅ ተሰጥቶ ፍጥነቱ 1800 ሲደርስ 2160 ይሆናል። ፉጨቱ የሚያርፈው በንግግሩ መካከል ነው!

ሁካታው በየት በር እንደሚገባ ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገንም። ሞተሩ እየሠራ የሬዲዮውን አንቴና ነቀልን። ፉጨቱ ቢጠፋ ኖሮ በአንቴናው በኩል ይገባ ነበር ማለት ነው፤ አልጠፋም፤ ስለዚህ በኃይል መስመሩ ነው የሚገባው። (ሲቢ ያለው ሰው ይህን ሲሞክር የመናገሪያውን ቁልፍ መጫን የለበትም፤ ያለ አንቴና ማሠራጨት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።)

መድኃኒቱም በዚያው በር ላይ ነው። በሬዲዮው የኃይል ገመድ ላይ በተከታታይ 1 ሚሊ ሄንሪ ጥቅልል፣ ከጥቅልሉ በኋላ ከሬዲዮው በኩል ደግሞ ወደ መኪናው አካል የሚገናኝ 2200 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስገባን። የዚህ ማጣሪያ መቁረጫ ድግግሞሽ አንድ ሲካፈል ለ2π√(LC) ነው፤ ሲሰላ 107 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። 1080 ሄርዝ ከዚህ አሥር እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ ርግብግቢቱ በሐሳባዊ ስሌት ወደ መቶኛው ይወርዳል። በተግባር የገመዱና የካፓሲተሩ ተቃውሞ ይህን ያሳንሰዋል። መኪናው ባለ 24 ቮልት ስለሆነ ካፓሲተሩ ባለ 50 ቮልት መሆን አለበት፤ ጥቅልሉም የሬዲዮውን ከረንት ያለ መሞቅ የሚሸከም ወፍራም ሽቦ ይሁን፤ ከማጣሪያው በፊት ፊውዝ አይረሳ። የካፓሲተሩን ዋልታ ማገላበጥ ያፈነዳዋል፤ ይህን የምንለው ከልምድ ነው።

ፉጨቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በቦታው ግን ቀድሞ የተሸፈነ፣ ቆሎ እንደሚቆላ የሚንጣጣ ሌላ ድምፅ ተገለጠ። አንቴናውን ስንነቅል ይሄኛው ጠፋ፤ ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ምንጩ የስልክ ቻርጀሩ ሆኖ ተገኘ፤ ቻርጀሩ ኃይልን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ስለሚቀንስ የሚረጨው ሞገድ መካከለኛ ሞገድ ድረስ ይዘልቃል። አንቴናውን ማስረዘም እዚህ ላይ አይረዳም። የ873 ኪሎ ሄርዝ ሞገድ ርዝመት 344 ሜትር ያህል፣ ሩቡም 86 ሜትር ነው፤ ይህን የሚሸከም መኪና የለም። ለሲቢ ሩቡ 2.75 ሜትር ስለሆነ ነገሩ ይቀላል። የእኛን አንቴና ከጋቢናው ሽቦዎች ማራቅ ግን ጥቂት ረድቷል።

ድምፅ ማጉያውስ? አልጣልነውም። ከሹፌሩ ጆሮ አጠገብ ሰቀልነው፤ በጋቢና ውስጥ ከሞተሩ ጩኸት ጋር የሚታገለው በአየር ላይ የሚሄደው ድምፅ ነውና፣ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ማጣሪያው ካተረፈላቸው 3 ዴሲቤል ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ቻርጀሩን በተመለከተ ሹፌሩ አልተስማሙንም፤ ስልካቸው ባዶ ሆኖ መሄድ አይፈልጉም። ወልቂጤ ድረስ ሰክተውት ይሄዱና፣ ወደ ጊቤ መውረድ ሲጀምሩ ይነቅሉታል።