ሪንጉን ማየትና ሪንጉ ላይ ማተኮር ይለያያል!

የዛሬው ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቱና የሚጫወት ልጅ ላላችሁ ነው።

ተማሪ እያለሁ ፍሪ ትሮው በሳትኩ ቁጥር አሰልጣኛችን «ሪንጉን እይ እንጂ!» ይለኝ ነበር። እኔም በሆዴ «እያየሁት አይደል እንዴ?» እላለሁ። ለካ የምወረውረው ዓይኔ ከኳሱ ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ሪንጉ እየተቅበዘበዘ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንዳችሁን ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። በአንድ ጊዜ ጥርት አድርገን የምናየው ያንን የሚያህል ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው ብዥ ያለ ነው። ዓይን ከቦታ ቦታ ሲዘል ደግሞ አንጎላችን ለቅጽበት ምስሉን ያፍነዋል። ስለዚህ የሚቅበዘበዝ ዓይን ለእጅ የሚሰጠው መረጃ የተቆራረጠ ነው።

በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጆአን ቪከርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ጎበዝ ተጫዋቾች ፍሪ ትሮው ከመወርወራቸው በፊት ወደ 1 ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ዓይናቸውን ሪንጉ ላይ እንደሚተክሉ አሳይተዋል። ይህ «የረጋ ዓይን» ይባላል። ኳሱ ወጥቶ ሲጋርዳቸው ዓይናቸውን ቢያነሱም ችግር የለውም፤ አንጎል ልኩን ቀድሞ ወስዷል።

እንዴት እንለማመድ?

✅ ኳሱን አንጥሩ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ከዚያ ቀና በሉ።
✅ ከሪንጉ አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡ፤ የፊቱን ወይም የኋላውን ጠርዝ። በየውርወራው አትቀያይሩ።
✅ እጃችሁ ከመነሳቱ በፊት 1 ሰከንድ ያህል ዓይናችሁን እዚያው ትከሉ።
✅ ደክሟችሁም ቢሆን ይህንኑ ድገሙ፤ ጨዋታ ላይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

⚠️ ግን ሁሉም ነገር የትኩረት ጉዳይ አይደለም! ታዋቂው ስቴፈን ከሪ እንኳ ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን ችግር እንዳለበትና ኮንታክት ሌንስ ማድረግ እንደጀመረ እ.ኤ.አ. በ2019 ተናግሯል። በዚህ ሕመም ከዓይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን (ኮርኒያ) ይሳሳና ወደ ፊት ይሾጥጣል፤ እይታም ይዛባል። ዓይንን ማሸት ያባብሰዋል።

ልጃችሁ ራቅ ያለ ነገር ለማየት ዓይኑን የሚያጨነቁር ወይም አዘውትሮ የሚያሽ ከሆነ «ሰነፍ ነው፣ ልቡ እዚህ የለም» ከማለታችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩለት። ምናልባት ሪንጉ የሚታየው ብዥ ብሎ ይሆናል።

ለሚጫወት ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና! 🏀