እሑድን ለማን እንስጠው?

ጥያቄ፦
ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምንኖር፣ ሦስት ልጆች ያሉን ባለትዳሮች ነን። ሁለታችንም ተቀጥረን እንሠራለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትራፊኩና የልጆቹ የቤት ሥራ ያንገላታናል፤ ቅዳሜ አስጠኚ ይመጣል፤ እሑድ ዕድር፣ ማኅበር፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የጓደኛ ልጅ ልደት። ባለቤቴ ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ እኔ ልጆቹን የተሻለ የግል ትምህርት ቤት እናስገባ እላለሁ። በየቀኑ እንጨቃጨቃለን፤ በምን እንደተጀመረ እንኳ ማታ ትዝ አይለንም። ምን ይሻለኛል?
ከጀሞ

መልስ፦
እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልሽ ክፉ ነው አላልሽም፤ አንቺም ሰነፍ አይደለሽም። ሠርጉም፣ ልደቱም፣ ክፍያውም በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ትከራከራላችሁ፤ ምክንያቱም ቤታችሁ የሚያስቀድመው ምን እንደሆነ ተቀምጣችሁ አልተነጋገራችሁም።

ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፍዪና አብራችሁ ተቀመጡ። «ለምን እንዲህ አደረግህ» ብለሽ አትጀምሪ። «ልጆቻችን አድገው ከዚህ ቤት ሲወጡ ምን ይዘው እንዲወጡ ነው የምንፈልገው?» በዪው። እሱ ዘመድ ማክበር ይል ይሆናል፤ አንቺ ትምህርት። ሁለቱም ይጻፍ፤ ግን ከሦስት ከአራት አይለፍ። ፍቅር፣ መከባበር፣ ሐቀኝነት ብሎ መደርደርማ ማንም ይችላል። እያንዳንዱን «ለዚህ ስንል ምን እንተዋለን?» ብላችሁ ፈትኑት። አብሮ መብላት ካላችሁ፣ እራት ላይ የአባትየውም ስልክ ይዘጋል። ዘመድ ማክበር ካላችሁ ለቅሶ አይቀርም፤ ለልደቱ ግን በስልክ «እንኳን አደረሰህ» ማለት ይበቃል። እኔ በበኩሌ ለቅሶና ልደትን እኩል አላያቸውም፤ በሐዘኑ ቀን የቀረበትን ሰው ማንም አይረሳም። ደግሞም ዕድር የሚመዘገበው በቤተሰብ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከቤት አንድ ሰው ከተገኘ ይበቃል። ተራ ተራ ሂዱ፤ የቀረው ከልጆቹ ጋር ይዋል።

ስለ አማትሽ የምለው ቅር እንዳይልሽ። ለእሳቸው የሚላከውን ከልጆችሽ ትምህርት ላይ እንደተነጠቀ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ልጆችሽ አባታቸው እናቱን ሲጦር እያዩ ማደጋቸው እኔ ከብዙ ክፍያ የማስበልጠው ነገር ነው። ስንት እንደሚልክ ግን ማወቅ አለብሽ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት በቤተሰብ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መጠኑን አብራችሁ ወስኑና ደመወዝ እንደገባ ይነሣ። የትምህርት ቤቱን ነገር በቀረው ልክ አስቡት፤ አሁን ካልተቻለ ለከርሞ ይቆይ።

የመጀመሪያው ምሽት በጭቅጭቅ ካለቀ ተዉት፤ በሳምንቱ ቀጥሉ። ማኅበርተኞች ስለሆናችሁ ዐቢይ ጾም ያመቻችኋል፤ በ55ቱ ቀናት ሠርግ ስለሌለ እሑዳችሁ ትንሽ ይላላል። የጀመራችሁትን በዚያ ጊዜ ጨርሱት፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሠርግ ጥሪው ሲግተለተል የትኛው ዘንድ እንደምትሄዱ፣ ለየትኛው ይቅርታ እንደምትጠይቁ ቀድማችሁ ትለያላችሁ።