ፒክአፕ መቀየር ላማረው ለደባርቁ ቤዝ ተጫዋች

የእህቴ ልጅ፣ «ሰርግ ላይ ቤዜ አይሰማም፤ ከአዲስ አበባ ፒክአፕ ላስመጣ ወይ?» ብለህ ላክህብኝ። አስመጣ ወይም ተው ብዬ በአንድ ቃል ብመልስልህ አልረዳሁህም። ዳባትም ጎንደርም በየሆቴሉና በየድንኳኑ ቤዝ ታቅፌ ያረጀሁ ነኝና በተራ ልንገርህ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አንብበው።

1. ፒክአፕ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ጥቅሉ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፑ ያንን ያጎላዋል። ክሩ ያላለውን ፒክአፑ አይልም። ላብና የድንኳን አቧራ የጠጣው ክርህ ከገጠምከው ጀምሮ አልተቀየረም ብለኸኛል። እንግዲህ መጀመሪያ እሱን ቀይር። ግማሹ ችግርህ እዚያ ላይ ቢያልቅ አይገርመኝም።

2. ቀጥሎ ካቻቪቴ አንሳ። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ከፒክአፑ ጋር ያለውን ክፍተት ለካ። በወፍራሙ በኩል ወደ 3፣ በቀጭኑ በኩል ወደ 2 ሚሊ ሜትር አድርገህ ጀምር፤ የቀረውን በጆሮህ ጨርሰው። ልጆች ድምፅ እንዲጨምር እያሉ እስከ ክሩ ጥግ ድረስ ያወጡታል። ያኔ ማግኔቱ ክሩን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ቅኝቱ ይበላሻል። ትዝታ ስትጫወት ብታልፈውም አንቺሆዬ ላይ፣ ጠባቡ እርከን ሲመጣ፣ ማሲንቆ የያዘው ሰው ዞር ብሎ ያይሃል።

3. «እምም» ስለሚለው ድምፅ። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለችው ጂ ደግሞ 49 ናት። ስለዚህ እምምታው ከጂ ጎን ተቀምጦ ይበጠብጣታል፤ አሜሪካን አገር መብራቱ 60 ስለሆነ የሚበጠበጠው ሌላ ኖታ ነው። ጀነሬተር ሲሆን ፍጥነቱ ስለማይረጋ እምምታውም አብሮ ይንሸራተታል።

ክሩን በእጅህ ስትነካው እምምታው ከቀነሰ ግራውንዱ ደህና ነው፣ የጎደለው ሽፋን ነው። ፒክአፑና ቮልዩሙ የተቀመጡበትን ጉድጓድ ውስጡን በመዳብ ፎይል ለብጠህ ከግራውንዱ ጋር አገናኘው። የወጥ ቤት ፎይልም ይሠራል፤ ብየዳ ስለማይዝ ግን ሽቦውን በብሎን አጥብቀህ እሰርበት። ክሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ የሚነዝርህ ከሆነ ግን ችግሩ የጊታር አይደለም፤ የቤቱ ወይም የጀነሬተሩ መስመር ነው። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትጫወት። ሰው ይሞትበታል።

4. አሁን ወደ ምርጫው። ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን እ.ኤ.አ. በ1951 አወጣ፤ በ1957 ፒክአፑን ለሁለት ከፈለው። የሁለቱ ግማሾች ማግኔትም ጥምጥምም ተገላቢጦሽ ስለሆነ የክሩ ድምፅ ሲደመር እምምታው ይጣፋል። ሴት ላቨር ለጊብሰን የሠራው ባለ ሁለት ጥቅሉ ሀምበከርም በዚሁ ብልሃት ነው የሚሠራው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት ቀጫጭን ፒክአፖች አሉት፤ ድምፁ የጠራ ነው፣ አንዱን ብቻ ስትከፍት ግን እምም ይላል።

የሱቅ ሰው «ይኼኛው ቤዙ ወፍራም ነው» ይልሃል። አትስማው። የወፍራሙ ክር የኢ ድምፅ በሰከንድ 41 ጊዜ ነው የሚርገበገበው፤ ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ሞንታርቦ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድረስ አይወርድም። ሰው ኢን የሚሰማው ከበላይዋ ካሉት እጥፎቿ፣ ከ82ና ከ123፣ ነው፤ የጎደለውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ታች ደግሞ ባዶ አይደለም። ከበሮው አለ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ አለ። በቺክቺካ ሁላችሁም እታች ብትጋፉ እስክስታ የሚወርደው ሰው ምቱን ያጣዋል። አንተ የምትፈልገው መሃሉ የሚናገር፣ ጣትህ ክሩን የለቀቀበት ቅጽበት የሚለይ ፒክአፕ ነው። ለዚህ በእኔ አስተያየት የፕሪሲዥን ዓይነቱን የሚያህል የለም፤ በተለይ ፓውዛውና ጀነሬተሩ አጠገብህ ከሆነ።

የመሐሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀዳውን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ ፈልገህ ስማ። ቤዙን የተጫወቱት ኋላ ከሮሃ ባንድ ጋር ስማቸው የተነሣው ጆቫኒ ሪኮ ናቸው። ዘፈኑን ተወውና ቤዙን ብቻ ተከተል፣ ከዚያ በትንሽ ስልክ ድምፅ ማጉያ ድገመው። የትኛው ኖታ ሳይጠፋ እንደቀረ ስትለይ ምን እንደምትገዛ ታውቃለህ።

5. ከመግዛትህ በፊት በቴስተር ለካ። የፕሪሲዥን ዓይነት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኦም፣ የጃዝ ዓይነት ከ7 እስከ 9 አካባቢ ያነባል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ሽቦው ቀጭን ስለሆነም ከፍ ሊል ይችላል። ደግሞ ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጥር ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። መዳብ ሲቀዘቅዝ ንባቡ ይወርዳል፤ በ20 ዲግሪ 10.5 ያነበበው በ5 ዲግሪ 9.9 ገደማ ነው። ተታለልኩ ብለህ ከነጋዴ ጋር አትጣላ።

ማግኔቱ አልኒኮ ነው ወይስ ሴራሚክ የሚለውን ክርክር ለከተማ ልጆች ተውላቸው።

የፒክአፑን ርዝመት ግን ራስህ ለካ። የጃዝ ቤዝ የድልድዩ በኩል ፒክአፕ ከአንገቱ በኩል ካለው ትንሽ ይረዝማል፤ ርካሽ ቅጂዎች ደግሞ ከሁለቱም ላይገጥሙ ይችላሉ። ዘመድህ ከውጭ ሲያመጣልህ መልሶ የሚወስደው የለም።

6. ከጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች አንዱን ብቻ ከሌላ ፋብሪካ ቀይረህ፣ ሁለቱንም ስትከፍት ድምፁ ከሳስቶ ቤዙ ከጠፋ፣ ተቃርነዋል ማለት ነው። የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይራቸው፤ ድምፁ ይመለሳል። እምምታውም እንዲጣፋ ግን ማግኔታቸው ተቃራኒ መሆን አለበት። ኮምፓስ አቅርብላቸው፤ አንዱ የመርፌውን ሰሜን ሌላው ደቡቡን ከሳበ ደህና ነው። ኮምፓስ ከየት አመጣለሁ እንዳትለኝ፣ ፓርክ አስጎብኚ በሞላበት ከተማ ነው የምትኖረው።

7. በባትሪ የሚሠራውን አልመክርህም። ዘጠኝ ቮልቱ ሙሽሪት ስትገባ ያልቃል። ኬብሉን ሳትነቅል ካደርክም ባትሪው ሳትጫወት እየተበላ ያድራል።

8. የክራሩ ልጅ «ለእኔም አንድ ግጠምልኝ» ማለቱ አይቀርም። አውታሩ የብረት ከሆነ ይሠራለታል፤ በኤሌክትሪክ የሚጫወቱ ክራሮች አሉ። ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ ማግኔቱ ምንም አይሰማውም፣ የማሲንቆው የፈረስ ጭራም እንዲሁ። ለእነሱ የሚሆነው እንጨቱ ላይ የሚለጠፈው፣ ንዝረት የሚቀበለው ፒዬዞ ነው። ርካሽ ነው፤ ከሚክሰሩ በፊት ግን ማጎልበቻ ይፈልጋል፣ አለዚያ ድምፁ ቀጥኖ ይጮህበታል።

9. አሮጌው ፒክአፕ ቴስተሩ ላይ ምንም አላነብ ካለ ወዲያው አትጣለው። ጎንደር ዲናሞ የሚጠመጥሙ ሰዎች ዘንድ ልውሰደው ትል ይሆናል፤ እነሱ የለመዱት ሽቦ ወፍራም ነው። ይኼ 0.063 ሚሊ ሜትር፣ ከራስ ፀጉር የማይወፍር፣ በአንድ ጥቅል እስከ 10,000 ዙር የሚጠመጠም ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ውስጡ ሳይሆን ከውጭ ካለው ሽቦ ጋር የተበየደበት ጫፍ ነው። በአጉሊ መነጽር እየው፣ ቫርኒሹን በቀስታ ፍቀህ እንደገና በይደው፣ ከዚያ ለካ። ካነበበ የመቀየሩን ነገር ለመጪው ዓመት እናቆየዋለን።